«እኔ አለሁ» ያሉኝ ሦስት ሰዎች

ስልኩ የጮኸው የአንዲት አዛውንት ፀጉር እያበጠርኩ ሳለ ነው። የምሠራው በውጭ አገር፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። የደወሉት ከልጄ የሕፃናት ማቆያ ነበር፤ ትኩሳቱ 38.6 ስለደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጥታችሁ ውሰዱት አሉኝ። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ተሳፋሪ ጭኖ መሪውን ትቶ አይወርድም። እኔም ተተኪ ሳይመጣ አረጋውያኑን ጥዬ መውጣት አልችልም።

ቢሆንም አልደነገጥኩም። ልጄን ማቆያ ባስገባሁ ሰሞን ሦስት ወዳጆቼ «አታስቢ፣ እኔ አለሁ» ብለውኝ ነበር። ለሦስቱም ደወልኩ። ሁለቱ ሥራ ላይ ነበሩ። ሦስተኛዋ ስልኳን አላነሳችም፤ እሷም ሥራ ላይ እንደነበረች በኋላ ነገረችኝ። ማናቸውም አልዋሹኝም፤ ያሉት ከልባቸው ነው። ነገር ግን ወዳጆቼ እንደኔው ጠዋት ገብተው ማታ የሚወጡ ሰዎች ናቸው። እኔን ሥራ የሚይዘኝ ሰዓት እነሱንም ይይዛቸዋል። ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።

ተተኪዋ መጥታ፣ እኔም ከማቆያው ስደርስ ከተባለው ሰዓት 40 ደቂቃ አልፏል። ልጄ በሩ አጠገብ ካለች ትንሽ ወንበር ላይ፣ ጃኬቱ እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀምጧል። አላለቀሰም። «እማ፣ እኔ ቶሎ ለብሼ ነበር» አለኝ።

ያን ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ስንነጋገር፣ ነገሩን እንደ ድንገተኛ አደጋ ማየታችን ስህተት እንደነበር ገባን። ከሌሎች ልጆች ጋር የሚውል ሕፃን በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው የተለመደ ነው። ብዙ ማቆያዎች ደግሞ ልጁ ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ከትኩሳት ነፃ ሆኖ ካልቆየ አይቀበሉትም፤ ትውከት ወይም ተቅማጥ ሲሆን 48 ሰዓት የሚያስጠብቁም አሉ። ማክሰኞ የጀመረ ትኩሳት ረቡዕን ይዞ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ሐሙስንም ይጨምራል። ስለዚህ የሁለታችንን የፈረቃ ሰሌዳ ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ የመጀመሪያውን ቀን ማን፣ ሁለተኛውን ማን እንደሚቀር በየሳምንቱ መወሰን ጀመርን። ሁለታችንም የማንችልበት ቀን ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል።

መጀመሪያ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ጓደኛዬን ለመንኩ። ቀን ቤት ትውላለች ብዬ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሏት፣ ልጄ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ከፍቶ አገኘሁት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረችን ሴት «ሕፃን ጠብቂልኝ» ማለቴ እኔን ያስወቅሰኛል። እሷም እምቢ ማለት ፈልጋ ይሉኝታ ይዟታል። ከዚያ ወዲህ «ትችያለሽ ወይ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። «የማትችይባቸው ቀናት የትኞቹ ናቸው?» እላለሁ። እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ሳይሳቀቅ እውነቱን ይናገራል።

አሁን ያሉን ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ የምትሄድ፣ ከሌላ አገር የመጣች ጎረቤታችን ናት፤ ሌላዋ አብሮ አደግ ጓደኛዬ። ልጃችንን የጠበቁልንን ሰዓት በደብተር እንመዘግባለን። ባለቤቴ በመጀመሪያ በወዳጅ መካከል ሂሳብ መያዝ ነውር መስሎት ነበር፤ እኔ ግን ወዳጅነትን የሚያሻክረው ያልተነገረ ውለታ ነው ብዬ ጸናሁ።

ሁሉንም በደህናው ጊዜ ሞከርነው። ጎረቤቴ በመጀመሪያው ቅዳሜ እኔ እያለሁ አጫወተችው፤ በሁለተኛው ለሁለት ሰዓት ትቼላት ወጣሁ። ጓደኛዬን ደግሞ በአንድ ጤነኛ ቀን ከማቆያው እንድታመጣው ላክኋት። ከለከሏት! እኔ በዝርዝሩ ላይ ስሟን የጻፍኩት በለመድኩት የላቲን ፊደል አጻጻፍ ነበር፤ መታወቂያዋ ላይ ያለው ግን በሁለት ፊደል ይለያል። ማቆያው አላጠፋም፤ ልጄን ለማያውቁት ሰው አለመስጠታቸው ደስ ይለኛል። እናንተም ስም ስታስመዘግቡ መታወቂያውን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡ። የእናት፣ የአባትና የልጅ ስም የማይገጥምብን እኛ በዚህ በኩል ይበልጥ እንቸገራለን።

ጎረቤቴ አማርኛ አታውቅም፤ ልጄ ደግሞ ሲያመው ከአማርኛ ሌላ ቃል አይወጣውም። ስለዚህ ማቀዝቀዣው በር ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍኩ። «ውኃ»፣ «ሽንቴ መጣ»፣ «እዚህ ጋ አመመኝ» የሚሉትን እሷ በምታነበው ፊደል ከነትርጉማቸው ጻፍኩ። ከሥሩ የልጁን ክብደት፣ ሐኪሙ በዚያ ልክ ያዘዘለትን የፓራሲታሞል መጠን፣ የሐኪሙንና የእኛን ስልክ አሰፈርኩ። በመጨረሻ መድኃኒት የተሰጠበት ሰዓት የሚሞላበት ባዶ ቦታ ተውኩ፤ ሁለት ሰው ሳይነጋገር ደራርቦ እንዳይሰጠው።

ባለፈው ወር እንደገና ተደወለልኝ። ጎረቤቴ በ20 ደቂቃ ውስጥ ደርሳ ወሰደችው፤ ባለቤቴም እሷ ወደ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት ቤት ገባ። እኔ ማታ ስመለስ ልጄ ተኝቷል። ወረቀቱን አየሁት። መድኃኒት የሰጠችበት ሰዓት በእሷ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፤ በባለቤቴ ደግሞ ሁለተኛው። ከቃላቱ ዝርዝር መጨረሻ እኔ ያልጻፍኩት አንድ ቃል ተጨምሯል፤ በእሷው ፊደል፣ «እቀፊኝ»። ትርጉሙን አልጻፈችም።