ማይክሮአርኤንኤን ለሴሚናር ሳዘጋጅ የተማርኩት

ደሴ ላይ ማስተርሴን ስማር የሴሚናሬ ርዕስ ማይክሮአርኤንኤና ብግነት (ሰውነት ሲጎዳ የሚነሳው የመቆጣት ምላሽ) በስኳር የዓይን ሕመም ላይ ያላቸው ድርሻ ነበር። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ የስኳር ታማሚ ስለሆነች ጉዳዩ ከልቤ ነበር።

ማይክሮአርኤንኤ ከ22 ገደማ ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ መሥሪያ ቅንጣት) የተሠራ አጭር አርኤንኤ ነው። ራሱ ፕሮቲን አይሆንም፤ የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ የሚያደርሰው መልእክተኛ አርኤንኤ ላይ ተለጥፎ የሌላውን ፕሮቲን ምርት ይቀንሳል። ሳይንቲስቶቹ አምብሮስና ራቭከን በ2024 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ግኝት ነው።

ለሴሚናሩ ያነበብኳቸው ጥናቶች ውጤት እርስ በርሱ ይጋጭ ነበር። ከማይክሮአርኤንኤዎቹ አንዱን፣ ሚር-200ቢን ብንወስድ፣ ስኳር በያዘው አንድ ዓይነት የላብራቶሪ አይጥ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ቀንሶ ተገኘ፣ በሌላው ዓይነት ደግሞ ጨምሮ። ስለዚህ ደብተሬን በሦስት ዓምድ ከፈልኩ፦ የት ተለካ፣ የትኛውን ጂን ይጫናል፣ ጨመረ ወይስ ቀነሰ። ከሦስቱ በጣም የጠቀመኝ የመጀመሪያው ነው። ከደም የተለካው የኩላሊቱንም የልቡንም ጣጣ ይዞ ይመጣል። ከዓይን ውስጥ ፈሳሽ የተወሰደው ደግሞ ባብዛኛው ሕመሙ ገፍቶ ቀዶ ሕክምና ከገቡ ሰዎች ነው፤ ስለ ጅማሬው ብዙ አይነግረንም።

ከሁሉ የወደድኩት ሚር-146ኤ የተባለውን ማይክሮአርኤንኤ ነው። ስኳር ሲበዛ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለው የብግነት መቀስቀሻ ይነሳል፤ ነጭ የደም ሴሎች በሬቲና ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፣ ሥሮቹም ማፍሰስ ይጀምራሉ። ያው ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ግን ሚር-146ኤንም ያስመርታል፤ እሱ ደግሞ የብግነቱን ምልክት የሚያስተላልፉትን ፕሮቲኖች ኢራክ1ንና ትራፍ6ን ተጭኖ ብግነቱን መልሶ ያበርዳል። የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ፍሬን እንደሚይዘው ማለት ነው። ስኳር በያዛቸው አይጦች ዓይን ውስጥ ሚር-146ኤ ሲጨመር የሥሮቹ ማፍሰስ ቀንሷል።

አክስቴ ይህን ሰምታ «ታዲያ መድኃኒቱ ወጣ?» አለችኝ። ገና ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው ስኳርንና ደም ግፊትን መቆጣጠር፣ ሲያስፈልግም ሌዘርና ቪኢጂኤፍን (የደም ሥሮችን የሚያሳድግና እንዲያፈሱ የሚያደርግ ፕሮቲን) የሚገታው የዓይን መርፌ ነው። ለምርመራ እንሂድ ስላት ደግሞ «ክር በመርፌ እያስገባሁ ምን ልሁን ብዬ?» አለች። እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው፦ ብግነቱ የሚጀምረው ዓይን ጥርት አድርጎ በሚያይበት ጊዜ ነው። የዓይነት ሁለት ስኳር ታማሚ ሕመሙ እንደታወቀ፣ ከዚያም በየዓመቱ መታየት አለበት። «አብሽሪ፣ አያምም» ብዬ ይዣት ሄድኩ።

የምትሄዱ ካላችሁ ሰው አስከትሉ፤ ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለሰዓታት እይታን ያደበዝዛል፣ ፀሐይም ያስቸግራል።