ሁለት አመት ያንገላታኝ የሩክ ኤንድጌም

ሰላም የቼዝ ሰዎች፣ እንዴት ከረማችሁ። እሁድ ከሰአት እዚሁ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጋሼ ቤት ተጫውተን አሸነፍኳቸው። አቦሉ ሲቀዳ የጀመርነው በረካው ላይ አለቀ። ደስ ያለኝ ማሸነፌ ብቻ አይደለም፣ ያሸነፍኩት በሩክ ኤንድጌም ነው (ሌላው ሁሉ ተበልቶ ንጉስ፣ ሩክ የሚባለው በቀጥታ የሚሄደው ጠጠርና ጥቂት ወታደር ብቻ ሲቀር ያለው የጨዋታ መጨረሻ)፤ እኔ ጋ ሩክና አንድ ወታደር፣ እሳቸው ጋ ሩክ ብቻ፣ የመጨረሻዋን ቼክ (ንጉሴ ላይ የመጣችውን ጥቃት) ሩኬን ጣልቃ አስገብቼ ስዘጋባቸው ሰሌዳውን ትንሽ አዩትና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ቤት ገብቼም እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ያንኑ ፖዚሽን (የጠጠሮቹን አቀማመጥ) ደርድሬ ደጋግሜ ተጫወትኩት። ሁለት አመት ሙሉ ያንገላታኝ ነገር ስለሆነ እንዴት እንዳለፍኩት ልጻፈውና እንደኔ የተቸገረ ካለ ይጠቀምበት ብዬ ነው።

የመጀመሪያውን ታሪክ ባጭሩ ልለፈው። ቼዝ የለመድኩት በ1998 ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው፣ አንድ ፈረስ ጠፍቶበት በቆርኪ በተተካ ሰሌዳ። ከዛ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዛ ኮምቦልቻ ስራ፣ አስር አመት ምናምን ሳልነካው ቆየሁ። በ2015 ስልኬ ላይ ሊቼስ የሚባለውን የቼዝ አፕ ጫንኩና እንደገና ጀመርኩ፤ ፓዝል ሰራሁ፣ ሹካ (በአንድ ጠጠር ሁለት ማጥቃት) ምናምን ገባኝ፣ ሬቲንጌም (የደረጃ ነጥቤ) ከፍ አለ። እስከዚህ ድረስ ሁላችሁም ያለፋችሁበት ነው፣ ብዙ የምነግራችሁ የለኝም።

ችግሩ የመጣው ጨዋታው ሲሳሳ ነው። አንድ ወታደር በልጬ፣ ንግስቶቹ ወጥተው፣ ሩክ ለሩክ ስንቀር ድሮው (አቻ) ይሆንብኛል፣ አንዳንዴም እሸነፋለሁ። ጋሼ ደግሞ ይሄን አወቁብኝ። በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ ሰሌዳና ሰአት ይዘው የመጡ ሰው ናቸው፣ ወታደር ሲጎድልባቸው አይደነግጡም፣ ዝም ብለው ሁሉንም እየለወጡ ሩክ ኤንድጌም ውስጥ ይከቱኛል። «አብሽር፣ እዚህ ጋ ገና ነህ» ይሉኛል። እውነት ነበር።

ሉሴና የሚባለውን ፖዚሽን ስሙን አውቀው ነበር። (የስፔኑ ሉሴና መጽሐፍ በፈረንጆቹ 1497 የታተመ ነው፣ ፖዚሽኑ ግን እሱ ውስጥ የለም፤ የሚገኘው በ1634 በወጣው የጣሊያናዊው ሳልቪዮ መጽሐፍ ነው። ስሙ ግን እንደዛው ቀረ።) ስሙን ማወቅና ሰሌዳ ላይ መስራት በጣም የተለያየ ነው። እስቲ ደርድሩት (ፊደሉ ቋሚ መስመሩ፣ ቁጥሩ ረድፉ ነው)፤ ነጭ ንጉስ ጂ8፣ ወታደሩ ጂ7፣ ሩኩ ኤፍ1፤ ጥቁር ንጉስ ኢ7፣ ሩኩ ኤች2። ወታደሩ ንግስት ለመሆን አንድ እርምጃ ቀርቶታል፣ ግን የራሱ ንጉስ በሩ ላይ ቆሞበታል። መጀመሪያ ሩኩን ኢ1 አምጥተህ ቼክ ትላለህ፣ ጥቁሩ ንጉስ ዲ7 ይሸሻል። እዚች ጋ ነበር የምሳሳተው፤ መንገዱ ተከፈተ ብዬ ወዲያው ንጉሴን ኤፍ7 አወጣዋለሁ፣ ከዛ ጥቁሩ ሩክ ከኋላ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ፣ ንጉሴ ኤች7 ደርሶ ተመልሶ እዛው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ ሶስቴ ይደጋገምና ድሮው። እንደዚህ ያመለጠኝን ጨዋታ ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩትም።

መፍትሄው አንዲት ሙቭ (እንቅስቃሴ) ናት፤ ንጉሱን ከማውጣትህ በፊት ሩኩን ኢ4 ላይ አስቀምጠው። አራተኛው ረድፍ። ለምን እዛ እንደሚቀመጥ መጀመሪያ ምንም አይገባም፣ ማንንም አያጠቃም፣ ዝም ብሎ የቆመ ነው የሚመስለው። ጥቁር ኤች1 ብሎ ይጠብቃል። አሁን ንጉስህ ኤፍ7 ይወጣል፣ ቼክ ከኤፍ1፣ ጂ6፣ ቼክ ከጂ1፣ ኤፍ6፣ ቼክ ከኤፍ1፣ ጂ5፣ ቼክ ከጂ1፣ እና ያኔ ሩክህን ጂ4 ላይ ጣል! ቼኩ ተዘጋ፣ ወታደሩ ያልፋል። ድልድይ መስራት የሚሉት ይሄን ነው። ለኔ የገባኝ ጋሼ «ቦርከና ሲሞላ ነው እንዴ ድልድይ የምትሰራው? በበጋ ነው እንጂ» ያሉኝ ቀን ነው። ሩኩ ኢ4 የሚሄደው ቼኩ ሳይጀምር ነው፣ ከጀመረ በኋላ ጊዜ የለህም። ከዛ ቀን በኋላ አልረሳሁትም።

የተለማመድኩት ግን በስልክ አይደለም፣ ይሄን አጥብቄ ነው የምናገረው፤ ስልክ ላይ ጣት ይሮጣል አይን አያይም። የእንጨት ሰሌዳ ላይ ደርድሬ፣ አንዴ ነጭ አንዴ ጥቁር ሆኜ፣ ወደ ሌላ መስመር አዛውሬ፣ ከዛ ደግሞ የፊሊዶርን መከላከያ (ንጉስህ ወታደሩ ፊት፣ ሩክህ ካንተ በኩል ሶስተኛው ረድፍ ላይ፣ ወታደሩ እዛ ረድፍ ላይ ሲረግጥ ሩክህን እስከ ጥግ ወስደህ ከኋላ ቼክ በቼክ) ጨምሬ በየማታው ግማሽ ሰአት፣ ሁለት ወር። ሊቼስ ላይ የልምምድ ክፍል ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ በነጻ ነው፣ እሱንም ያየሁት ሰሌዳው ላይ ከገባኝ በኋላ ነው።

ግን ሉሴና ላይ ለመድረስ መጀመሪያ እዛ የሚያደርስ ጨዋታ መጫወት አለብህ፣ ትልቁ በሽታዬ ደግሞ እሱ ነበር፤ ወታደር አልለቅም። ሩኬን ወታደር ጠባቂ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፣ ታስሮ ይውላል። ይሄን ያስተወኝ አንድ የድሮ ጨዋታ ነው፣ ያኔ የአለም ሻምፒዮን የነበረው ካፓብላንካ ከታርታኮወር፣ ኒው ዮርክ፣ በፈረንጆቹ 1924። ተማሪ እያለን ጋሼ ካዋሱን መጽሐፍ በእጄ ገልብጬው ነበር፣ ያኔ ምኑም ሳይገባኝ ለቁጥሩ ስል። ሰሌዳዬ በ2014 ጥቅምት ከደሴ ስንወጣ እዛው ቀረ፣ ስንመለስ የለም። ደብተሩን ግን እህቴ ከሰርተፍኬቶቻችን ጋር ይዛው ወጥታ ነበር፣ አሁንም አለኝ።

ያ ጨዋታ ላይ ካፓብላንካ ሩኩ ኤች7 ላይ ተቀምጧል፣ ወታደሮቹ ግን የሚበሉበት ናቸው። እኔ ብሆን ተመልሼ እጠብቃለሁ። እሱ ንጉሱን ከጂ3 አስነስቶ ኤች4፣ ጂ5፣ ኤፍ6 ድረስ ይዞት ይሄዳል፣ መንገድ ላይ ሁለት ወታደር በቼክ ይበላበታል፣ ዞር ብሎ አያይም። ኤፍ6 ሲደርስ አጠገቡ ኤፍ5 ላይ የጥቁር ወታደር አለ፣ እሱንም አይበላውም፣ ምክንያቱም ያቺ ወታደር ከኋላ ለሚመጣ ቼክ ከለላ ትሆነዋለች። ከዛ ንጉስ፣ ሩክና የጂ6 ወታደር ሆነው ጥቁሩን ንጉስ ጥግ ያሲዙታል፣ የተበላውንም አንድ በአንድ ይለቅመዋል። ከሃያ አመት በኋላ ደብተሬን ከፍቼ ይሄ ሲገባኝ እውነቴን ነው እንባዬ መጣ። የጠላትን ወታደር ሳይበሉ ጃንጥላ ማድረግ!

አሁን ስለ ኦፕኒንግ (የጨዋታ አጀማመር) ልናገርና ከፈለጋችሁ ተቆጡኝ። ከሩክ ኤንድጌም በፊት ኦፕኒንግ መሸምደድ ለኛ ደረጃ ጊዜ ማባከን ነው። አባቶቻችን ይጫወቱት የነበረው የድሮው ሰንጠረዥ (የሀገራችን ቼዝ) አጀማመሩ ወረራ ይባላል፣ የመጀመሪያው መበላላት እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በአይኑ እያየ የራሱን ያስተካክላል። ይሄ ነው የሚጠቅመን፣ ማየት። አስራ አምስት ሙቭ ሸምድደህ አስራ ስድስተኛው ላይ ምን እንደምትሰራ ካላወቅህ ምን ዋጋ አለው። ጨዋታ እንዳለቀ ወዲያው ስቶክፊሽ (ጨዋታ የሚተነትን የኮምፒውተር ፕሮግራም) መክፈትም እንደዛው ነው፣ መልሱን ይነግርሃል ጥያቄውን ግን አንተ አልጠየቅከውም።

ይሄን እያልኩ ግን መደበቅ አልፈልግም፣ የሶስት ደቂቃ ብሊትዝ (ፈጣን ጨዋታ) አልተውኩም። ስራ የከፋኝ ቀን ማታ እከፍተውና እኩለ ሌሊት ይሆናል፣ በነጋታው አጨዋወቴ መበላሸቱ ይታወቀኛል። ብሊትዝ ተዉ የሚል ምክር ከኔ አትጠብቁ፣ ለራሴ ያላደረግኩትን ለሰው አልልም። የጥግ ወታደር ያለበት ሩክ ኤንድጌምም ገና ነኝ፣ ቫንቹራ የሚባለውን መከላከያ ሶስቴ አጥንቼ ሶስቴም ጠፍቶብኛል፤ ባለፈው ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ ተማሪ ልጅ በኤ ወታደር አሸንፎኝ ሄደ። ጎበዝ ልጅ ነው።

እሁድ ስንለያይ ጋሼ ሌላ ፖዚሽን ደረደሩልኝ። ቦነስ አይረስ፣ በፈረንጆቹ 1927፣ አሌኪንና ካፓብላንካ፣ ሰላሳ አራተኛው ጨዋታ፣ ካፓብላንካ የአለም ሻምፒዮንነቱን ያጣበት። የአሌኪን ሩክ ከኤ ወታደሩ ኋላ ሆኖ ይገፋል፣ የካፓብላንካ ሩክ ፊቱ ተደቅኖ መንቀሳቀስ አቅቶታል። ያ ንጉሱን ሁለት ወታደር አስበልቶ ኤፍ6 ያደረሰው ሰውዬ! ጋሼ ሰሌዳውን አዙረው ጥቁሩን ወደኔ አደረጉትና «ለሚቀጥለው እሁድ አንተ ካፓብላንካን ሁን፣ ሩክህን ከዛ አውጣና አሳየኝ» አሉኝ። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ሶስት መንገድ ሞክሬ ሶስቱም አልሆነም። ደሴም ኮምቦልቻም ሐይቅም ያላችሁ፣ የኤ ወታደር ላይ ጎበዝ የሆነ ካለ ከእሁድ በፊት ያናግረኝ፣ ሰሌዳው እንደተደረደረ ነው።