ለአሥር ፈረስ ነው ይሄ ሁሉ?

መኪና ወዳድ ደንበኛ ከሩቁ ያስታውቃል። ቁልፉን አስረክቦ አይሄድም። እጁን ኪሱ ከቶ ሊፍቱ ሥር ይቆማል። መፍቻ ባነሳህ ቁጥር ዓይኑ እጅህን ይከተላል። ያ ልጅም እንደዚያ ነበር። ያመጣት የፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ናት፣ ሰባተኛው ትውልድ። ገና በሩን ሳይዘጋ «ፐርፎርማንስ ፓክ ናት» አለኝ፤ ከፋብሪካው ተጠናክራ የወጣችው ማለቱ ነው።

ያኔ ጋራዡ ውስጥ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ለመካኒክ ሦስተኛ ዓመት መጥፎ ጊዜ ነው። የማታውቀው ነገር ያለ አይመስልህም።

«ስንት ጨመረልህ?» አልኩት።

«አሥር ፈረስ።»

ሳቄ አመለጠኝ። 220 የነበረው የፈረስ ጉልበት 230 ሆነ ማለት ነው። «ለአሥር ፈረስ ነው ይሄ ሁሉ?» አልኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ልጁ ምንም አልመለሰም። ፊቱ ግን ልውጥ አለ። ሰው ስለሚወደው ነገር ሲቀለድበት የሚያሳየው ፊት ነው። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ለንቀቴ ምክንያት አልነበረኝም ማለት አይደለም። ፋብሪካዎች በመኪና ወዳድ ሰው ብዙ ተጫውተዋል። የመርሴዲስ ኤኤምጂ ላይን፣ የቢኤምደብሊው ኤም ስፖርት፣ የአውዲ ኤስ ላይን የሚባሉት ጥቅሎች ከተራው መኪና ሞተር ጋር ይመጣሉ። ፓራውልቱ ይለወጣል፣ ቸርኬው ያምራል፣ መሪው ይወፍራል። ኮፈኑን ስትከፍት የምታገኘው ያው የጎረቤትህን ሞተር ነው። ድምፁ እንኳን አይታመንም። ቢኤምደብሊው 2011 ላይ ያወጣው ኤም5 የሞተሩን ድምፅ በስፒከር ያጫውታል። ይቺው ጎልፍም ከፊት መስታወቱ ሥር ሳውንድአክቶር የምትባል ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለቻት። ሥራዋ ጓዳው ውስጥ ሞተሩን ማስጮህ ነው። ብዙ የጂቲአይ ባለቤት መጀመሪያ የሚያስነቅለው እሷን ነው። ይሄ ልጅም «ሶኬቷን ንቀልልኝ» ብሎኝ ነቅዬለታለሁ። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሀል «ከፋብሪካው የመጣ ነው» ሲሉኝ የሚሰማኝ «ስቲከር ነው» የሚል ቃል ነበር።

የመጣው የፊት ፍሬን ሸራ ሊያስቀይር ነው። ሞዴሉንና ዓመቱን ጽፌ አዘዝኩ። በማግስቱ ሸራው መጣ። ጎማውን ፈትቼ፣ ሸራውን የሚይዘውን ካሊፐር አውርጄ፣ አሮጌውን አወጣሁ። አዲሱን ከጎኑ ሳስቀምጠው አነሰ። በትንሽ አይደለም፣ በግልጽ አነሰ። አቅራቢዎቹ የተሳሳቱ መስሎኝ ስልክ አንስቼ ጮህኩባቸው። ሰውየው አስጨርሶኝ ሲያበቃ በእርጋታ «ዲስኩ 312 ነው 340?» አለኝ።

ለካሁት። 340።

ተራው ጂቲአይ ፊቱ ላይ 312 ሚሊ ሜትር ዲስክ ነው ያለው። ፐርፎርማንስ ፓኩ 340 ነው። ካሊፐሩ ሌላ፣ ሸራው ሌላ። ካሊፐሩ ላይ ደግሞ «ጂቲአይ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ እኮ! ማስዋቢያ ናት ብዬ ነው ያለፍኳት። ትክክለኛው ሸራ እስኪመጣ መኪናዋ ሊፍት ላይ ተንጠልጥላ ዋለች። ልጁም ሥሯ ቆሞ ዋለ። አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ዋና መካኒካችን በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል። ያን ቀን መጥቶ የሻንጣውን ወለል ምንጣፍ አነሳና ትርፍ ጎማው ማስቀመጫ ጋ የተለጠፈች ወረቀት አሳየኝ። በሦስት በሦስት ፊደልና ቁጥር የተሞላች ናት። «ይሄ የመኪናው የልደት ካርድ ነው» አለኝ። «የትኛው ፍሬን፣ የትኛው ሞላ፣ የትኛው ካምቢዮ እንደተገጠመለት እዚህ አለ። ከማዘዝህ በፊት አንብብ።» እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው። ነገሩ ግን የወረቀት ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር። ንቀቱ እንዳለ ነው የቀረው።

ከአንድ ወር በኋላ ልጁ ተመለሰ። የኋላ ወንበሩ ላይ አራት ካርቶን ጭኗል። አዲስ ቸርኬ። ጓደኞቹ «የፋብሪካውን ቸርኬማ ሁሉም ሰው አለው» ብለው ጎትጉተውታል። ቀለል ያለ፣ ቀጭን ክንድ ያለው፣ ሲያዩት የሚያምር ነው። እኔም ደስ አለኝ። አሁን ገና መኪናዋ መኪና ልትሆን ነው አልኩ በሆዴ።

አንደኛው ካርቶን ውስጥ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ነበረች። ቡሎኖችና አራት የፕላስቲክ ቀለበቶች አሉባት። ቡሎኖቹን አየኋቸው፤ ከፋብሪካው ጋር ሳስተያያቸው ቀጫጫ መሰሉኝ። የጎልፏ ቡሎኖች ጠንካራ፣ ከባድ፣ እጅ ላይ የሚሞሉ ናቸው። ጥርሳቸው አንድ ነው፣ ርዝመታቸውም ያው ነው። ታዲያ የፋብሪካው እያለ በዚህ ለምን ልሰር? ከረጢቷን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳትና በድሮው ቡሎን አሰርኩት። ልብ በሉ፣ የፋብሪካ ነገር ሲባል የምስቀው ሰውዬ ነኝ። ልጠራጠር የሚገባኝ አንዷ ቦታ ላይ ግን ፋብሪካውን አመንኩ።

በቶርክ ሬንች፣ ልኩ ሲደርስ ጠቅ በሚለው መፍቻ ነው ያሰርኩት፣ በግምት አይደለም። 120 ኒውተን ሜትር። ሃያውም ቡሎን አንድ በአንድ ጠቅ አለ። ያቺ ጠቅታ እንዴት እንደምታኮራ የሠራባት ያውቃታል። ልጁ ጎማውን በስልኩ ከአራት አቅጣጫ አንስቶ፣ ጨብጦኝ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቀስ እያለ ገባ። «ከ80 በላይ ስሄድ መሪው ይንቀጠቀጣል» አለ። ባላንስ ነው ብዬ አሰብኩ። መኪናውን አነሳሁትና የፊት ግራውን ጎማ ያዝኩ። በእጄ ወዘወዝኩት። ቀጭን የብረት ድምፅ ሰማሁ፤ ቅጭ፣ ቅጭ። ቡሎኑ ላይ መፍቻ አስገባሁ። አልታገለኝም። በሁለት ጣት ዞረ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ወረደ። ሦስቱ ቡሎኖች ብቻ ናቸው ጎማውን የያዙት፤ እነሱም በሙሉ ልባቸው አይደለም። ልጁ በዚህ ጎማ አውራ ጎዳና ላይ ወጥቶ ነበር።

ጋሼን ጠራሁት። አልጮኸም። ጎማው ሲወርድ ቸርኬውን ጠረጴዛ ላይ አስተኛና ቡሎኑ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ በጣቱ ዳሰሰ። ብረቱ ተፈጭቷል፣ ጠርዙ ላይ ጥቁር ዱቄት አለ። ከዚያ ከኪሱ ሰማያዊ ማርከር አወጣ። የፋብሪካውን ቡሎን አንገት በሙሉ ቀባው። ያልተጎዳ ጉድጓድ መርጦ ቡሎኑን ከተተ፣ በእጁ ጫን አድርጎ አንድ ጊዜ አዞረና አወጣው።

«ምን ታያለህ?»

ሰማያዊው ቀለም እንዳለ ነው። የተፋቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ዙሪያውን፣ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር።

ከዚያ የጎልፏን የቀድሞ ቸርኬ አስመጣና በዚያው ቡሎን ደገመው። ሲያወጣው አንገቱ ሙሉ በሙሉ ተፋቆ ብረቱ ያበራል።

የፎልክስዋገን ቡሎን አንገቱ ክብ ነው፣ እንደ ኳስ። የፋብሪካው ቸርኬ ጉድጓድም እንደ ጎድጓዳ ሳህን ክብ ነው፤ ሁለቱ ተቃቅፈው ይቀመጣሉ። ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ዘይት ማስገቢያ ሾጣጣ ማንቆርቆሪያ ቀጥ ብሎ የሚጠብ ጉድጓድ ነው ያለው። ኳስ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ስትከት የሚነካካው በአንዲት ቀጭን ቀለበት ነው። ሬንቹ 120 ብሎ ጠቅ ይላል፣ ምክንያቱም የሚለካው ቡሎኑ ለመዞር ስንት እንደታገለ ነው። ጎማው ምን ያህል እንደተጨመቀ አይለካም። መኪናው ሲሄድ ያቺ ቀጭን ቀለበት ብረቱን ትበላለች፣ ቡሎኑ ይላላል። በላስቲክ ከረጢቷ የነበሩት ቀጫጫ የመሰሉኝ ቡሎኖች አንገታቸው ሾጣጣ ነበር። ለዚህ ቸርኬ የተሠሩት እነሱ ናቸው።

ቀለበቶቹስ? የጎልፏ ሞዞ፣ ቸርኬው መሀሉን ይዞ የሚቀመጥበት ክብ ብረት፣ 57.1 ሚሊ ሜትር ነው። የቸርኬው መሀል ቀዳዳ 66.6። ክፍተቱን ሞልተው ቸርኬውን መሀል የሚያስቀምጡት እነዚያ ፕላስቲኮች ናቸው። እኔ የማሸጊያ ዕቃ መስለውኝ ነበር።

የፊት ግራው ቸርኬ ተበላሽቷል። ሌሎቹ ሦስቱ ላይ ያለው ጭረት ብቻ ነው። እኔ በሦስቱ መቀጠል እንችላለን አልኩ። ጋሼ አልሰማኝም። «አንተ ትነዳዋለህ?» አለኝ። አራቱንም ጋራዡ ተካ። ለልጁም የሆነውን ሳይሸፋፍን ነገረው፣ እኔን አጠገቡ አቁሞ። ልጁ ሲሰማ ቆይቶ ማርከር የተቀባውን ቡሎን አንስቶ አገላበጠው። መጀመሪያ ያለው ነገር «ፎቶ ላነሳው?» የሚል ነበር። መኪና ወዳድ ማለት ይሄ ነው በቃ።

አዲሶቹ ቸርኬዎች ሲደርሱ ልጁ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። ቡሎን ሳስር የነሱን ክርክር ሰማሁ። አንደኛው «ከፋብሪካ የተሠራ ፈጣን መኪና ሱፍ ለብሶ ኳስ እንደመጫወት ነው፣ እጅህ ያልነካው መኪና ያንተ አይደለም» ይላል። ሌላው «አንተ የሠራኸው ደግሞ ጋራንቲውን ገደለው» ይላል። ጋሼ እንደዚህ ዓይነት ክርክር ሲሰማ ሳይገባ አያልፍም። ኤኤምጂን ጠቀሰላቸው። ዛሬ የፋብሪካ ስም ነው፣ 1967 ላይ ግን ከመርሴዲስ የወጡ ሁለት መሐንዲሶች የጀመሩት የግል ወርክሾፕ ነበር። ፋብሪካው አብላጫውን ድርሻ የያዘው 1999 ላይ ነው፣ ሙሉ በሙሉ የጠቀለለው ደግሞ 2005። ቀጥሎ የ1969ኙን ካማሮ አመጣ። ጄኔራል ሞተርስ ለዚያች ቁመት መኪና ከ400 ኪዩቢክ ኢንች በላይ ሞተር አይፈቀድም ብሎ ነበር። ነጋዴዎች ግን ለታክሲና ለፖሊስ መኪና ማዘዣ የሚውለውን ኮፖ የሚባል ቅጽ ሞልተው ባለ427ቱን አስገጠሙ። ዜድኤል1 የተባለችው 69 ብቻ ነው የተሠራችው። «ይሄ የፋብሪካ ነው የሰፈር?» አላቸው። ሦስቱም ዝም አሉ። ከዚያ እንደገና ጀመሩ።

ሥራው ሲያልቅ ጋሼ ቁልፉን ሰጠኝ፤ «ፈትነው፣ እኔም አለሁ» አለ። ባዶ መንገድ ላይ ወደ ቀኝ የሚጠማዘዝ ኩርባ አለ። «እዚህ ጋ ጋዝ ስጠው» አለኝ። የፊት ጎማ የሚጎትተው መኪና ኩርባ ላይ ጋዝ ስትሰጠው ወደ ውጭ ይሸሻል፤ መሪውን ሳትጨምር አይመለስም። ለሱ ተዘጋጅቼ ረገጥኩት። አልሸሸም። አፍንጫው ወደ ውስጥ ተሳበ፣ አንድ ሰው ከፊት በገመድ የጎተተው ይመስል። ፐርፎርማንስ ፓኩ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች ከሚያካፍለው ዲፈረንሻልና ከቀኙ አክስል መካከል በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ በዘይት ግፊት የሚጨበጥ ክላች አለው። የሚንሸራተተውን የውስጥ ጎማ ትቶ ጉልበቱን ለውጪው ይሰጣል። እንደገና ዞሬ ያንኑ ኩርባ ወሰድኩት። ሦስተኛ ጊዜ ልዞር ስል ጋሼ ሳቀ።

«ለአሥር ፈረስ ነው ይሄ ሁሉ?» አለኝ። ለካ ያን ቀን ሰምቶኛል።

መኪናውን ስመልስ ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት። ስለ ቸርኬው ቀድሜ ጠይቄዋለሁ፤ ይሄኛው ስለ ሳቄ ነበር። «መቶ ኪሎ ሜትር ስትነዳ መጥተህ ቡሎኑን በድጋሚ አስለካ» ብዬ ሸኘሁት። በነጋታው መጣ። መቶ ኪሎ ሜትር በአንድ ምሽት!

ሰማያዊ የተቀባው ቡሎን እስካሁን መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ቀለሙ ደርቋል፣ ቀለበቷ ግን ትታያለች። አዲስ ልጅ ሲቀጠር ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል፣ እኔም እንደ ስሜቴ አንዳንዴ እነግረዋለሁ፣ አንዳንዴ ራስህ ድረስበት እላለሁ።

በቅርቡ ደግሞ አንዲት ሴትዮ ሲ ክላስ መርሴዲስ ይዛ መጣች። የፊት ፍሬን ታሳየኛለች። አብሯት የመጣው ወንድሟ ቀድሞ «ኤኤምጂ እንዳይመስልህ፣ ላይን ናት፣ ስቲከር» አለኝና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ያንን ፊት አውቀዋለሁ።

ተንበረከክሁና በቸርኬው ክንዶች መሀል የስልኬን መብራት አበራሁ። ዲስኩ ላይ የተበሱ ትናንሽ ቀዳዳዎች በረድፍ ይታያሉ። ተራው ሲ ክላስ ይሄ የለውም።

«እመቤት፣ የመኪናውን ሊብሬ ይዘዋል?» አልኳት። «የሻሲ ቁጥሩን ልጻፍና ነው የማዘው።»