አሳላፊ አያይም

ዓመቱን አልናገርም። ዓመቱን ከነገርኳችሁ ትልቁን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። እሱን ካወቃችሁ አጃቢዎቹን መቁጠር ትጀምራላችሁ፣ ከዚያ ማንኪያዋ ጋ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅባችሁም። ቦታው ሐዋሳ ነው፣ ሐይቁ ዳር ያለ አጥሩ ረጅም ግቢ። ይበቃል።

ትልቁ ሰውዬ ሲመጣ የግቢው ሠራተኛ ስለማይበቃ ከየሆቴሉ አስተናጋጅ ይሰበሰባል። እኔ ያኔ በአንዱ ሆቴል ካፒቴን፣ የአስተናጋጆች አለቃ፣ ነበርኩ። «ደህና ደህና ልጆች ይዘህ ሂድ» ተባልኩ። ልጆቹን ያዝኩ፣ ጋሼንም ጨመርኩ። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሠርግና ድግስ ሲደራረብብን ብቻ ነው የምንጠራቸው። ጃንሆይ እዚህ ሐይቁ ዳር ቤተ መንግሥት በነበራቸው ጊዜ፣ ሰሃን አጣቢ ሆነው ገብተው አሳላፊ እስከመሆን የደረሱ ሰው ናቸው። ያኔ ልጅ እግር ነበሩ፣ ከተማዋም ከእሳቸው ብዙ አትበልጥም፤ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967ን ሲያነሱ «ጃንሆይ በቮልስዋገን ወጡ፣ እኔ በእግሬ» ይላሉ። ሁሌም እንስቃለን።

አዲስ ልጅ ሲቀጠር ትምህርታቸው አንድ ነው። «አሳላፊ አያይም። አሳላፊ አይሰማም። አሳላፊ አይስቅም።» ይህን ብለው ትንፋሽ ሳይወስዱ የትኛው ደጃዝማች ስንት ብርሌ ጨርሶ በማን ትከሻ እንደወጣ፣ የትኛዋ ወይዘሮ ሉሉን ለማባበል ሥጋ በጠረጴዛ ሥር ታቀብል እንደነበር ይነግሩሃል። ሉሉ የጃንሆይ ውሻ ነው። ውሻውን ያስቀየመ ሹመት አያገኝም የሚሉም ነበሩ ይላሉ ጋሼ። ያላዩትን ሁሉ እንዲህ አድርገው ያስታውሳሉ።

በዚያን ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ ገባን። ስልካችን ተሰበሰበ፣ ደረታችን ላይ ባጅ ተለጠፈ። እራቱ ማታ ነው፤ እስከዚያ ጓዳ ተቀመጡ ተባልን። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ የሚያጅብህ ሰው አለ። ሽታው ግን ደስ ይላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ምግብ አብሳይ በርበሬውንም ቅቤውንም በራሱ ሳጥን ቆልፎ ነው የመጣው። ጉድ ያልኩት ዓሣው ላይ ነው። ከአሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ ጠዋት የወጣ ቆሮሶ ሊያቀርቡ የመጡ ልጆች ከበር ተመለሱ። ዓሣው በበረዶ ሳጥን ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሐዋሳ የገባ ዓሣ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጓዳ ውስጥ ያጫወተችን የግቢው እትዬ ናት። ቤቱን የምትይዘው እሷ ናት። ሰው ያልተኛበት የመኝታ ቤቱ አንሶላ በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ትልቁ ሰውዬ ሲመጣ ሲመጣ በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። አጥባ፣ ተኩሳ፣ አንጥፋ፣ እንደገና ታነሳዋለች። እሷ የምትተኛው ግቢው ጥግ ካለችው ሰርቪስ ክፍል ነው። ጣራዋ ያፈሳል። ማመልከቻ ከጻፈች ቆየች። «ለሱ አንሶላ ቢሆን በማግስቱ ይፈርሙ ነበር» አለችና ሳቀች። ጋሼ አልሳቁም። «እኛም ጊዜ እንዲሁ ነው» አሉ። «ጃንሆይ አዲስ አበባ ሆነው እዚህ መብራቱ ይበራል፣ ጠረጴዛው ይዘረጋል። ጌታ ባይኖርም ቤቱ ይገበርለታል።»

ምሳ ለጠባቂዎቹ መጣ። ለእኛ አልመጣም። እትዬ ከራሷ ቤት እንጀራና ሽሮ አመጣች፣ ቆመን በላን።

ማታ ደረሰ። ዋናውን ጠረጴዛ ለጋሼ ሰጠኋቸው፤ ከእሳቸው ሌላ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው አልነበረኝም። ጠጁ በብርሌ ይቅረብ ተብሎ ነበር፣ ለባህል። ጋሼ ትልቁ ሰውዬ ፊት ቆሙ። ብርሌውን በቀኝ እጃቸው ያዙ፣ ግራ መዳፋቸውን አጎድጉደው ጠብ አደረጉባት። ጠጧት። ከዚያ እጅ ነስተው በሁለት እጃቸው አቀረቡ። አዳራሹ ዝም አለ። ትልቁ ሰውዬ ፈገግ አለና «ይሄን የት ተማሩት?» አላቸው። «እዚሁ» አሉ ጋሼ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ከኋላ መተላለፊያው ላይ ግን የፕሮቶኮሉ ልጅ ይጠብቃቸው ነበር። ልጅ ያልኩት ልጅ ስለሆነ ነው፤ የጋሼ የልጅ ልጅ ቢሆን አይገርምም። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ይደርሳል።

«ምንድነው ያደረግከው?»

«ቀመስኩ፣ ጌታዬ።»

«ማን ቅመስ አለህ? ምግቡም መጠጡም ጠዋት ተመርምሯል። ባለሙያ አለን።»

«ባለሙያው የት አሉ?»

«ምን አገባህ? ጓዳ ነው ያለው።»

«እሱ ነዋ፣ ጌታዬ። ጓዳ የተቀመሰ አልተቀመሰም። መቅመስ ፊታቸው ነው። አይተው ነው የሚጠጡት።»

ልጁ አፉን ከፈተ፣ የሚለው ጠፋው። «ሁለተኛ እንዳይደገም» ብሎ ሄደ። እኔ ደሜ ፈልቷል። ስለ ጠጁ አይደለም። «አንተ» ስላላቸው ነው። ጋሼ ደግሞ «እርስዎ» እና «ጌታዬ» እያሉ ሲመልሱለት፣ ያቺ «ጌታዬ» እንደ ተተኮሰ ኮታቸው ቀጥ ያለች ነበረች። ከስድብ ትብሳለች። ልጁ ግን የተከበረ መስሎት ሄደ።

እውነት ለመናገር ጋሼ ትክክል ናቸው። በምኒልክ ግብር ንጉሡ መጀመሪያ ከመጋረጃ ጀርባ ይበላሉ፣ መጋረጃው የሚገለጠው ኋላ ነው፤ ሲበሉ የዓይን ነገር ይፈራል። አሳላፊው ግን ከመጋረጃው ውስጥ ነው። ንጉሥ ሲጎርስ የሚያይ ሰው እሱ ነው፣ ንጉሡም ሲቀምስ የሚያዩት እሱን ነው። በ2012 እዚያው የምኒልክ ግቢ ውስጥ አንድነት ፓርክ ሲከፈት ሄጄ ነበር። ሰዉ በሰም የተሠሩት ጃንሆይ ጋ ፎቶ ለመነሳት ይጋፋል። እኔ ወጡ በየት በኩል እንደሚገባ በር ስፈልግ ከጓደኞቼ ጠፋሁ። የሙያ በሽታ ነው። ያን ሁሉ ሺህ ሰው በተራ በተራ ያበላ አዳራሽ፣ ሰሃን የሚያጥብ፣ ጠጅ የሚጥል፣ እንጀራ የሚጋግር መንደር ሙሉ ሰው ከኋላው ነበረው። ስለዙፋኑ የሚያወራ አስጎብኚ አይጠፋም፣ ስለ እነሱ ጠይቁት እስቲ።

ወደ ሐዋሳ ልመለስ። እራቱ አለቀ፣ ማኪያቶ ዞረ። ማንኪያዎቹ ወርቅ ቅብ ናቸው፣ እነሱም ከአዲስ አበባ የመጡ። ሲሰበሰቡ አንዷ ጎደለች።

የተፈተሸው ማን ይመስላችኋል? አስተናጋጆቹን መተላለፊያው ላይ አሰለፉን። ቦርሳ ተዘረገፈ፣ ጫማ ወለቀ። እትዬን ሳይቀር ነጠላዋን አስወለቋት፤ ሰው ባልተኛበት አንሶላ ያመኗትን ሴት። እንግዶቹ በዚያው ሰዓት በዋናው በር እየተሳሳቁ ይወጣሉ። ማንኪያዋን ያነሳው ሰው አብሮ እየወጣ ነበር። አይቼዋለሁ። ማኪያቶውን አማሰለ፣ ላሳት፣ በናፕኪን ጠቀለላት፣ ውስጥ ኪሱ አስገባት። ከልማዱ እንጂ ከእጦት አልነበረም፤ ሲያስገባት ወሬውን እንኳ አላቋረጠም። ቀና ስል ጋሼም እያዩት ነበር። ጭንቅላታቸውን በትንሹ ነቀነቁልኝ። ተው ማለታቸው ነው።

ተራው ጋሼ ጋ ደረሰ። ጥበቃው እጁን ወደ ኮታቸው ሲሰድ «ቆይ ልጄ» አሉት። ኮታቸውን አወለቁ። አጣጥፈው በሁለት እጃቸው ሰጡት፣ ልክ ብርሌውን እንደሰጡት። ጥበቃው ኪሱን ቢፈልግ፣ ቢፈልግ የለም። የኪሱ አፍ ሁሉ በነጭ ክር ተሰፍቷል። በእጅ የተሰፋ፣ ድርብ ስፌት፣ የደረቱ ኪስ ሳይቀር። «ሰው ከመጠየቁ በፊት ልመልስ ብዬ ነው» አሉ። ለካ ኮታቸውን ለማንም የማያስተኩሱት ለዚህ ነው። የፕሮቶኮሉ ልጅ ቆሞ ያይ ነበር። ይቅርታ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ስልኩ ጠራ።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የለቀቁን። ባጃጅ ጠፍቶ እስከ ፒያሳ በእግር ስንሄድ አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ አይተውታል እኮ!»

«ማንን?»

«ማንኪያዋን ያነሳውን!»

«አሳላፊ አያይም።»

«እሺ፣ እትዬ ነጠላዋን ስታወልቅስ?»

እዚህ ላይ ዝም አሉ። ብዙ ሄድን። «እሱን አይቻለሁ» አሉ በመጨረሻ።

ሳምንት አልሞላም። ጠዋት ጠዋት የሚቀመጡባት ቡና ቤት ብገባ ጋሼ መሀል ላይ ናቸው፣ ዙሪያውን አስተናጋጅ ነው፣ የሦስት አራት ሆቴል ልጅ። የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ ሥልጣኑን ከነመሥሪያ ቤቱ፣ የናፕኪኑን አጠቃለል ሳይቀር በእጃቸው እያሳዩ ይተርካሉ። ሲያዩኝ ትንሽ ደንገጥ አሉና «ለትምህርት ነው» አሉኝ።

ሰውየው ሐዋሳን ይወዳታል፤ ስብሰባ በመጣ ቁጥር አይቀርም። ማኪያቶ ያዛል። በየትኛውም ሆቴል ቢሆን ልጆቹ «ስኳር ስንት ይሁንልዎ?» ብለው ይጠይቁታል፣ ማኪያቶው ተማስሎ ይመጣለታል። አንዴ እኛ ጋ «ማንኪያ የለም እንዴ?» ቢል አንዱ ልጅ እጅ ነስቶ «እኛ እያለን እርስዎ ለምን ይደክማሉ፣ ጌታዬ» አለው። በጣም ደስ አለው። ሲወጣ ሥራ አስኪያጃችንን ጠርቶ መስተንግዷችንን አመሰገነ። ቲፕ ግን አላስቀመጠም።