የጭረት ማጥፊያው ቱቦና የእኔ ቪትዝ

ቅዳሜ ገበያ አቁሜያት ሄጄ ስመለስ፣ የቪትዟ የግራ በር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር ተሰምሮ ጠበቀኝ። ባህር ዛፍ የተጫነ አህያ ታክኳት አለፈ አሉኝ። ባለቤቱም የለ፣ አህያውም የለ። ደግሞስ አህያን ምን ብለህ ትከሰዋለህ?

መኪናዋ ጥቁር ሰማያዊ ናት። ጥቁር ነገር ምንም አይደብቅም። በሩን ሳይ የሌላውም ሁሉ ታየኝ። በር መክፈቻው ሥር በጥፍርና በቀለበት የተሞነጫጨረ አለ። ፓራፋንጎው ላይ ባጃጅ የተወልኝ ነጭ ጠባሳ አለ። ኮፈኑ ላይ ደግሞ ሀይቁ ዳር ዋርካ ሥር ሳቆማት ወፎች የጣሉባት ቀለበት። ጋራዥ ወስጄ ሙሉ በር ከማስቀባቴ በፊት እነዚያን "ጭረት አጥፊ" የሚሏቸውን ነገሮች ልሞክር አልኩና ከመለዋወጫ ሱቅ አንድ ቱቦ ገዛሁ። ሻጩ "ቀብተህ ትጠርጋለህ፣ አለቀ" አለኝ።

የመጀመሪያው ሙከራ አሳፋሪ ነበር። ጥቅምት ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ፣ ሀይቁ ዳር አቁሜ። ብረቱ እጅ ያቃጥላል። ክሬሙ ሳልፈትገው ደርቆ እንደ ጄሶ ተጋገረ። ይባስ ብሎ በሩን ያበስኩት በደረቅ ጨርቅ ብቻ ስለነበር አቧራውን አብሬ ፈተግኩት። አንድ የነበረው ጭረት ዙሪያውን የሸረሪት ድር የመሰለ ስስ ጭረት አፈራ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ውጤቴ ከዜሮ በታች ነው።

በሳምንቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ጀመርኩ። በሳሙናና በብዙ ውሃ አጠብኳት። የበሩን ጠርዝና ላስቲኩን በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ፤ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበላል። ማይክሮፋይበር ፎጣ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ክሬም አድርጌ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ብቻ እየፈተግኩ ሄድኩ። የመክፈቻው ሥር ጭረት ጠፋ። እውነት ጠፋ! የአህያው መስመር ደብዘዝ አለ። የባጃጁ ጠባሳ ንቅንቅ አላለም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላኩ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሁለት ሦስቴ ከታጠበች በኋላ የአህያው መስመር ቁጭ ብሎ አገኘሁት። የመክፈቻው ሥር ግን አልተመለሰም። ለምን?

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና ቀለም አንድ ሽፋን አይደለም። ብረቱ ላይ ዝገት መከላከያ፣ ከዚያ ፕራይመር የሚባለው የሥር ቀለም፣ ከዚያ ራሱ ቀለሙ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ "ክሊር" የሚባለው መልክ የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን ይቀባል። ሁሉም ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ቢሆን ነው። አንድ የራስ ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። እኛ የምንፈትገው ሽፋን ከፀጉር ይሳሳል ማለት ነው።

ቱቦው ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንደኛው በጣም የደቀቀ መፋቂያ ነው። ጭረቱን አይሞላውም፤ በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር ፍቆ ከጭረቱ ወለል ጋር ያስተካክለዋል። ይህ አይመለስም። ሁለተኛው ዘይትና ሰም ነው። ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ብርሃኑን ያታልላል። ይህኛው በሳሙና ይታጠባል። የአህያዬን መስመር የደበቀው ሁለተኛው ነበር። አሁን ፈትጌ ስጨርስ ከፋርማሲ የገዛሁትን አልኮል ጨርቅ ላይ አድርጌ ቦታውን አብሳለሁ። ያኔ ጭረቱ ከተመለሰ ቀድሞውንም አልጠፋም።

ጭረቱ የቱ ጋ እንደደረሰ ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ውሃ ጠብ አድርጉበት። እርጥብ እያለ ከጠፋ ክሊሩ ላይ ነው ያለው፣ ተስፋ አለው። ጥፍራችሁን ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉበት። ጥፍር ከያዘ ቱቦውን መልሱት። ነጭ ወይም ግራጫ ከታየ ፕራይመር ነው፣ ብረት ከታየ ደግሞ ዝገት ተራ ይዞ እየጠበቀ ነው።

የአህያው መስመር ጥፍር አይይዝም፣ ግን ለቱቦው ጠልቋል። ኮምፓውንድ የሚባለውን ጠንከር ያለ መፋቂያ ክሬም ገዝቼ ሁለት ጠዋት በእጄ ፈተግኩት፤ ትከሻዬ ያውቃታል። ከዚያ ፖሊሽ በሚባለው ለስላሳ መፋቂያ ጨረስኩት። ዛሬ ጎንበስ ብሎ ለሚፈልግ ሰው ብቻ ይታያል። በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ መፈተግም አለ፤ ክሊሩን ጨርሼ በሩን በሙሉ እንዳላስቀባ ፈርቼ አልነካሁትም።

የጥርስ ሳሙና ይሠራል ለምትሉ፣ የአጎቴ ነጭ ዲኤክስ ላይ ሞከርኩት። ጎረቤታችን እማማ በአጥር አሻግረው አይተውኝ "ምነው ልጄ፣ ጥርሱን ነው የምትፍቅለት?" አሉኝ። የጥርስ ሳሙናም ደካማ መፋቂያ ስላለው በጣም ስስ ጭረት ላይ ትንሽ ይሠራል፤ ከዚያ ሁሉ ልፋት ግን ፖሊሹ ይሻላል። በፖሊሹ ስቀጥል ፎጣው ነጭ በነጭ ሆነ። አጎቴ "ቀለሜን ጨረስከው!" ብሎ ጮኸ። የድሮ ነጭ መኪኖች ብዙዎቹ ክሊር የላቸውም፤ የሚፋቀው ራሱ ቀለሙ ነው። እኔም ደንግጬ አቆምኩ። ግን የፈተግኩት ቦታ ከቀረው አካል ይልቅ አበራ፤ በፀሐይ የሞተው የላይኛው ቀለም ስለተነሳ ነው። አሁን አጎቴ መኪናውን በሙሉ ካልሠራህልኝ እያለ ነው።

ለባጃጁ ጠባሳ ቱቦ አይሠራም። በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ ካለው ጽሑፍ የቀለሙን ኮድ አንብቤ፣ ቀለም ቤት በኮዱ ትንሽ አስቀላቀልኩ። በስንጥር ጫፍ ጠብ ጠብ እያደረግኩ፣ በየመሃሉ እያደረቅኩ ሞላሁት። ቅርብ ሆኖ ላየው ያስታውቃል። ሲያምር አይደለም፣ ክረምቱ ሳይገባ ብረቱን ለመሸፈን ነው።

የወፎቹ ቀለበት ቀነሰ እንጂ አልሄደም። ኩሱ በፀሐይ ሲደርቅ ክሊሩን ይበላዋል። አሁን መኪናዋ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውሃና ፎጣ አለኝ፤ ሳይደርቅ አርሼ አነሳዋለሁ። ማታ የሀይቁን ዳር ይዤ ስነዳ የሚለጠፉትን ትንኞችም እንደዚሁ፣ በደረቁ ፈትጌ አላውቅም ከዚያ ወዲህ።

ቅዳሜ ገበያ ስሄድ ደግሞ ቪትዟን ግቢ አቆማትና በባጃጅ እሄዳለሁ።