የፈረሰ ዓለም ሠራዊት በጉምሩክ በር

ከብሪታንያ ወደ ጀርመን ያገለገሉ የጨዋታ ምስሎችን ማስመጣት ከምሳ ዕቃ መግዛት አይከብድም ብሎ የነገረኝ ሰው፣ ነገሩን ያደረገው ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከመውጣቷ በፊት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ማንም አስቀድሞ አላስጠነቀቀኝም፤ ይህን የምጽፈውም ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ቢያንስ የትኛውን ወረቀት ይዞ መሄድ እንዳለበት ያውቅ ዘንድ ነው።

ጨዋታው ዋርሃመር ይባላል፤ የምለው ግን ዛሬ በየመደብሩ የሚታየውን ሳይሆን በ1983 ወጥቶ በ2015 የተዘጋውን የቀድሞውን ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አሳታሚው ጌምስ ወርክሾፕ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ይገኛል። ተጫዋቹ ትንንሽ የጦረኛ ምስሎችን ገዝቶ ይገጣጥማል፣ ቀለም ይቀባል፣ በአራት ማዕዘን መቆሚያ ላይ አድርጎም በረድፍ ያሰልፋቸዋል፤ ርቀቱን በኢንች እየለካ ያንቀሳቅሳቸዋል፣ የውጊያውንም ዕጣ በዳይስ ይወስናል። መቆሚያው አራት ማዕዘን መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ጦሩ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚቆመው በእርሱ ነውና፣ ክንፉን ወይም ጀርባውን ለጠላት ያጋለጠ አዛዥ ብርቱ ወታደር ቢኖረውም ይሸነፍ ነበር።

በልጅነቴ ወደ ጀርመን ስመጣ የክፍል ጓደኞቼ ይህን ይጫወቱ ነበርና፣ የራሴን ለመግዛት አቅም ስላልነበረኝ የእነርሱን ሠራዊት እየተዋስኩ ተጫወትኩ። የዚያ ዓለም ካርታ የእኛኑ ምድር አጣምሞ የሣለ ነው። በመካከሉ ያለው የሰዎች ግዛት የ16ኛውን ክፍለ ዘመን የጀርመን አገር ይመስላል፤ ዋና ከተማውም አልትዶርፍ ይባላል፤ በኑረምበርግ አጠገብ በዚሁ ስም የምትጠራ እውነተኛ ከተማ አለች። በስተምዕራብ ብሬቶኒያ የፈረንሳይ ባላባቶች አገር ናት፤ በስተደቡብ ደግሞ በበረሃ ውስጥ ግብፅን የምትመስል ነሄካራ አለች። ከእርሷ በታች የእኛ አገር ልትሆን በሚገባት ቦታ የተሣለው ጫካና በውስጡ የሚኖሩ እንሽላሊት መሰል ፍጥረታት ናቸው። ያኔ ይህ ብዙም አልቆረቆረኝም፤ አሁን ግን ሠዓሊዎቹ ሰሜኑን በመንደር ስም ሞልተው እኛ ጋ ሲደርሱ እንደደከማቸው ይሰማኛል።

ልቤ የቀረው ከነሄካራ ዘንድ ነው። ሴትራ የተባለው ንጉሠ ነገሥት ሞትን የሚሽር ጥበብ እንዲፈልጉለት ካህናቱን አዘዘ፤ በወርቃማ ገላ ለዘላለም እንደሚነሣም ተስፋ ተሰጥቶት ሞተ። ከብዙ ዘመን በኋላ ናጋሽ የተባለው ጠንቋይ ባወረደው መቅሠፍት ሲነቃ ግን ራሱን የደረቀ አጽም ሆኖ፣ አገሩንም አሸዋ ለብሳ አገኛት፤ በዚያ ላይ ከእርሱ በኋላ የነገሡት ሁሉ አብረውት ተነሥተው ዙፋኑ የእኔ ነው ይሉ ነበር። ክፉ አይደለም፣ ደግም አይደለም፤ ንብረቱን የሚያስመልስ የተቆጣ ሽማግሌ ነው። በልጅነቴ ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚመስለውን ወገን መርጬ ነበር ማለት ነው።

ኩባንያው በ2014 እና በ2015 ባወጣቸው ተከታታይ ትረካዎች ያን ዓለም ከነሕዝቡ አጠፋውና በክብ መቆሚያ የሚጫወት ሌላ ጨዋታ ተካው፤ የመቃብር ነገሥታት የሚባሉትን የነሄካራን ምስሎችም በ2016 ከሽያጭ አወጣቸው። ሻጩ ለትርፉ ማሰቡን አልነቅፍም። ነገር ግን ሰዎች ለሠላሳ ዓመታት ያዋጡለትን ዓለም በአንድ ወቅት እሳት ለቆበት መሄዱን ዛሬም ቢሆን ተገቢ ነው አልልም።

ገንዘብ ሲገኝ ሠራዊቱን ከአንድ እንግሊዛዊ አዛውንት ሰብሳቢ ገዛሁት። ሠረገሎች፣ ከብረት የተሠራው ታላቁ የአጥንት ግዙፍ፣ ጊንጦች፣ የመቃብር ዘበኞች፣ እንዲሁም የ1990ዎቹ አሮጌ አጽሞችና ጥቂት የሕግ መጻሕፍት ነበሩበት። ዋጋ መስማማቱና መክፈሉ ቀላል ነበር።

ችግሩ የጀመረው ከሻጩ ቸርነት ነው። ቀረጥ እንዳይበዛብኝ አስቦ በፖስታ ቤቱ ቅጽ ላይ «ስጦታ» የሚለውን ሳጥን ምልክት አደረገበት፤ የዕቃውንም ዓይነት «የአሻንጉሊት ወታደሮች» ብሎ ጻፈው። እነዚህ ቃላት ምን ያህል እንደሚያስከፍሉኝ እርሱም እኔም አላወቅንም። ከግል ሰው ለግል ሰው የሚላክ ስጦታ ከቀረጥ ነጻ የሚሆነው እስከ 45 ዩሮ ብቻ ነው፤ የጥቅሉ ክብደት ብቻውን ከዚያ እንደሚበልጥ ይመሰክር ነበር። ስለዚህ እሽጉ ወደ ቤቴ መምጣቱ ቀርቶ፣ ደረሰኝና የክፍያ ማስረጃ ይዤ እንድቀርብ የሚያዝዝ ደብዳቤ ከጉምሩክ ደረሰኝ።

የክፍያ ማስረጃውን ሳሳየው ባለሥልጣኑ «ስጦታ ነው ይላል እኮ» አለኝ፤ ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ የሚያየኝ እንደ አጭበርባሪ ነበር። ሳጥኑን እፊቱ እንድከፍት አዘዘኝ። ዕቃው ከ150 ዩሮ በላይ ስለነበረ የታሪፍ ቁጥር ሊፈልግለት ግድ ሆነበት፤ አሻንጉሊት ከሆነ በ9503 ሥር፣ የብረት ምስል ከሆነ በ8306 ሥር ይገባል፤ የፕላስቲኩ ደግሞ ሌላ ቦታ አለው። ሰውዬው የአጥንቱን ግዙፍ ከስፖንጁ አውጥቶ በእጁ መዘነው፤ መልሶ ሲያስቀምጠው ክንዱ ተገነጠለ። ይቅርታ የሚል ቃል አልሰማሁም።

ቀረጡ ግን ከዚህ በኋላ ለመጣው መግቢያ ብቻ ነበር። አሻንጉሊት ነው ከተባለ የአውሮፓ ኅብረት የአሻንጉሊት ደኅንነት መመሪያ ይመለከተዋልና፣ «የሲኢ ምልክቱ የት አለ?» ተባልኩ፤ ይህም ዕቃው የኅብረቱን የደኅንነት ሕግ እንደሚያሟላ አምራቹ የሚያትመው ምልክት ነው። አምራቹ መሸጥ ካቆመ ዓመታት ያለፉት ዕቃ፣ ሳጥኑም ተጥሎ በስፖንጅ የተጠቀለለ፣ ምን ምልክት ይኖረዋል? አሮጌዎቹ አጽሞች ደግሞ ኩባንያው እርሳስ አልባ ወደሆነ ቅይጥ ከመሸጋገሩ በፊት የተቀለጡ ነበሩ፤ እኔም እንደ ሞኝ በሐቀኝነት ይህንኑ ነገርኩት። «እርሳስ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠና ሳጥኑን ዘጋው። ጉዳዩ ወደ ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይተላለፋል ብሎ ባዶ እጄን አሰናበተኝ።

እውነቱን ያገኘሁት በራሴ ንባብ ነው። ያው የ2009 መመሪያ በመጀመሪያው አባሪው ላይ አሻንጉሊት የማይባሉትን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም አንዱ ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰብሳቢዎች የተዘጋጀ፣ ይህም በዕቃው ወይም በማሸጊያው ላይ በግልጽ የተጻፈበት ዕቃ ነው። ማሸጊያ ስለሌለኝ በዚህ በር ሙሉ በሙሉ መግባት አልቻልኩም። ከሁሉ በላይ ግን መመሪያው የሚናገረው ለገበያ ስለሚቀርብ ዕቃ መሆኑን አስታውሼ፣ አንድ ጎልማሳ ለራሱ መደርደሪያ ያስመጣው ያገለገለ ስብስብ ለገበያ እንዳልቀረበ ጻፍኩላቸው። ስልክ ስደውል አንዱ ወደ ሌላው ይመራኝ ነበር፤ ጉምሩኩ መልስ ከተቆጣጣሪው እየጠበቅን ነው ይላል፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ ፋይሉ አልደረሰንም ይላል። ከሳምንታት በኋላ ዕቃው የተለቀቀው ምንም ምክንያት ባልሰጠ ባለ አንድ መስመር ደብዳቤ ነው። ያ መስመር በመጀመሪያው ቀን ሊጻፍ ይችል ነበር።

በዚያም አላበቃም። የመላኪያውን ዋጋ ጨምረው በሁሉም ላይ 19 በመቶ ታክስ ጣሉበት፤ መጻሕፍት ግን በጀርመን የሚከፈልባቸው 7 በመቶ ነው። ተቃውሞ ለማቅረብ አንድ ወር ይፈቀዳልና አቀረብኩ፤ ልዩነቱም ተመለሰልኝ። ለአንድ ምሳ እንኳ የማይበቃ ገንዘብ ነው፤ ከሠራዊቱ ሁሉ የበለጠ የኮራሁበት ግን እርሱ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ሻጩ «ስጦታ» እንዳይል፣ «አሻንጉሊት» የሚለውንም ቃል እንዳይጠቀም አስቀድማችሁ አስገድዱት፤ «ያገለገሉ የሰብሳቢ ምስሎች፣ ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ» ብሎ እውነተኛውን ዋጋ ይጻፍ፣ ያንኑም ጽሑፍ በሳጥኑ ላይ ይለጥፍ። መጻሕፍቱ በሌላ እሽግ ይምጡ። ደረሰኝ ይበቃል የሚለውን ይፋዊ ማሳሰቢያ አትመኑ፤ የመመሪያውን አባሪ አትማችሁ ያዙ። እርሳስ ያለባቸውን አሮጌ ምስሎች ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅሉ፤ ከተቻለም ከኅብረቱ አገሮች ውስጥ ወይም በዕቃ ንግድ ረገድ በኅብረቱ ሕግ ከምትተዳደረው ከሰሜን አየርላንድ ግዙ።

ቀለም ማስለቀቁ፣ ማጣበቁና እንደገና መቀባቱ ያለ ችግር ተፈጸመ፤ አሴቶን ለብረት ብቻ መሆኑን ግን ልብ በሉ፣ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ብረት ለብረት ሲጣበቅ ሱፐር ግሉ ብቻውን አይበቃም፤ ክንዱን በቀጭን መሰርሰሪያ በስቼ ሽቦ አስገብቼበታለሁ፤ ጉምሩክ የገነጠለው አሁን ከሌላኛው ይልቅ ጠንካራ ነው።

ኩባንያው በ2024 ጥር ወር ያንኑ አሮጌ ዓለም በአዲስ ሕግ ሲመልሰው መጀመሪያ ካወጣቸው ሠራዊቶች አንዱ የነሄካራ ነበር፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን በአዲሱ ሕግ ቀድሞ በ20 ሚሊሜትር መቆሚያ ላይ ይቆሙ የነበሩት አጽሞች 25 ሚሊሜትር እንዲሆኑ ይፈለጋል። እኔ አንዱንም አላነሣሁም። ከጓደኞቼ ጋር የምንጫወተው በ2000 በወጣው በስድስተኛው ቅጂ ሕግ ነው፤ አዲሱን ሊጫወት የሚመጣ እንግዳ ካለ ሙሉውን ረድፍ ተለቅ ባለ ትሪ ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ይህን የማይቀበል ተጋጣሚም እስካሁን አልገጠመኝም።