ሐረጎን ከኋላ ተቀምጦ ለሚወርድ ሰው
የስፖርት ሞተር ሳይክል የኋላ መቀመጫ ጠባብና ወደ ፊት ያዘነበለ በመሆኑ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንወርድ፣ ፍሬን በያዝሁ ቁጥር ባለቤቴ ወደ ጀርባዬ ትንሸራተት ነበር።

በእኔ እምነት መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የመቀመጫው ቅርጽ እንጂ ልስላሴው አይደለም፤ በጣም ለስላሳ ስፖንጅ ክብደት ሲያርፍበት ይተኛና ከሥሩ ያለው ጠንካራ አካል ይቆረቁራል። ስለዚህ የመኪና ወንበር የሚያለብስ ባለሙያ ጠጠር ያለ ስፖንጅ ከፊት በኩል ከፍ አድርጎ እንዲያስገባና በማያንሸራትት ልባስ እንዲሸፍነው አደረግሁ።

የእግር መርገጫውን ዝቅ ማድረግ የጉልበትን መታጠፍ ይቀንሳል፤ ከጭስ ማውጫው መራቁ ግን መረጋገጥ አለበት። የኋላው ሞላም ለሁለት ሰው ክብደት ካልጠበቀ ሞተሩ ከኋላ ዝቅ ይልና የፊት መብራቱ ከወዲያ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። አሁን ቁልቁለቱን ስንወርድ እርሷ መዳፏን በነዳጅ ታንኩ ላይ ትደግፋለች፤ እኔም ፍሬኑን ቀደም ብዬ በዝግታ እይዛለሁ።